ዕቃ ቤት የገባችው ዝንብ

አባቴ የሠሯት አንዲት ዝንብ በጨርቅ ተቋጥራ በደብራችን ዕቃ ቤት ተቀምጣለች። ጽናውና መስቀሉ በሚቀመጥበት ቤት፣ ጥግ ላይ፣ ማንም እንዳይነካት ተብላ። ዝንብ ስል የምትበረውን ማለቴ አይደለም። መንጠቆ ላይ ላባ በክር እየተጠመጠመ የሚሠራ፣ ዓሣ እውነት መስሎት የሚጎርሰው የውሸት ዝንብ ነው። ይህችን ታህል ነገር ለሰው ማስረዳት አቅቶን፣ ዕድሜ ልካቸውን ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩት አባቴ ዛሬ ደባርቅ ላይ እኔ በተከራየሁት ቤት ያለ አንድ ተማሪ ተቀምጠዋል።

እኔ አስጎብኚ ነኝ። ፈቃዱም ባጁም አለኝ፤ የሌለኝ የማስጎበኘው ሰው ነው። ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጉባኤ ወጥቼ እንግሊዝኛ የተማርኩት እንግዳ ይዤ ተራራው ላይ ጊች ድረስ ልወጣ ነበር፤ ወጣሁም፣ ጥሩም ኖርኩ። ከዚያ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ሲከፈት ሲዘጋ፣ እንግዳው ተስፋ ቆርጦ ቀረ። እኛ የደባርቅ አስጎብኚዎች፣ ምግብ አብሳዮችና በቅሎ ጫኞች አስፋልት ዳር ተደርድረን አላፊ አግዳሚውን ስናማ ከረምን።

ክበቡን የወለደው ይኸው ሥራ መፍታት ነው። ከመካከላችን አንዱ፣ ምላሱ የቀና አስጎብኚ፣ በደጉ ዘመን አንድ እንግዳ ጥሎለት የሄደው የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ፣ ጥቂት የውሸት ዝንቦች፣ አንድ ቆርቆሮ መንጠቆና መንጠቆውን ጥርቅም አድርጋ የምትይዝ ትንሽ ሞርሳ ነበረው። «የዝንብ ዓሣ አጥማጆች ክበብ እናቋቁም» አለን፤ «እንግዳ ሲመለስ ከዋልያና ከጭላዳ ሌላ የምናሳየው ይኖረናል።» ሊቀ መንበሩም ራሱ ሆነ። ዘንጉም ሞርሳውም የእሱ ስለሆነ የተከራከረው የለም።

ወንዛችን ከተራራው ከሚወርዱት ቀዝቃዛ ውሃዎች አንዱ ነው። ውስጡ ትራውት የሚባል፣ ጎኑ በነጠብጣብ የተዥጎረጎረ ዓሣ አለ። ማን አምጥቶ እንደጨመረው እርግጠኛ የሆነ ሰው እስካሁን አላገኘሁም፤ ሽማግሌ በጠየቅሁ ቁጥር ሌላ ፈረንጅ ይነገረኛል። ክረምቱ አልፎ ውሃው ሲጠራ ድንጋይ ሥር ቆሞ ጅራቱን ሲያወዛውዝ ይታያል። ይኼ ዓሣ የሚወደው ውሃው ላይ የሚያርፍ ነፍሳት ነው። ስለዚህ ዘንጉን ወደ ኋላና ወደ ፊት እያወናጨፍክ ክሩን አየር ላይ ትዘረጋና ጫፉ ላይ ያለችውን የውሸት ዝንብ ቀስ አድርገህ ውሃው ላይ ታሳርፋታለህ። ሲወራ ቀላል ነው። መጀመሪያ አካባቢ ያጠመድነው የየራሳችንን ጆሮና ያገሩን ቁጥቋጦ ነበር።

የክበቡ ደንብ ደግሞ ዓሣውን ይዞ መልቀቅ ነው። ዘንጉን የተወው እንግዳ እንዲያ ያደርግ ስለነበር ሊቀ መንበሩ ሌላ አሠራር ያለ አልመሰለውም። ይህንን ለአባቴ ስነግራቸው በጣም ተቸገሩ።

«ይዛችሁ ትለቁታላችሁ?»

«አወ አባባ፤ ደንቡ ነው።»

«ታዲያ ፊቱንም ተለቆ አልነበረ?»

አባቴ ያን ጊዜ ገና መንደራቸው ነበሩ። ከዳባት ወደ ደባርቅ ስትመጣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ የምትገኝ ደብር ናት። ጎጆዎቹ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተኮልኩለው፣ ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች ዜማቸውን የሚያንበለብሉበት ግቢ የእሳቸው ነው። የድጓ መምህር ናቸው። ሌላ ርስት፣ ሌላ ሙያ፣ ሌላ ኩራት የላቸውም፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ ደግሞ ሌላ ሰው የላቸውም። ጉባኤያቸው ነው ሕይወታቸው። አገር ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ የወሰዱባቸውም ሰዎች በደንብ ያውቁት ነበር።

እንግዳው ትቷቸው የሄዳቸው ዝንቦች ሲያልቁ ራሳችን መሥራት ነበረብን። ለዚህ የሚያስፈልገው የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ ነው፤ ቀጭንና ጠንካራ ስለሆነ መንጠቆው ላይ ሲጠመጠም እንደ እግር ቆሞ ዝንቧን ውሃ ላይ ያንሳፍፋታል። ከሁሉም የሚበልጠው የገብስማ ዶሮ ላባ ነው። ያ ጥቁርና ነጩ ተቀላቅሎ ውሃው ላይ ሲያርፍ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። ችግሩ ዶሮ በኛ አገር የሚነጨው የፈላ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ነው፤ የፈላ ውሃ የነካው ላባ ደግሞ ለዝንብ አይሆንም። ስለዚህ በዓል በመጣ ቁጥር የመንደሩን ቤት እየዞርኩ ውሃው ሳይደርስበት አንገቱን በቆዳው እንዲሰጡኝ ሴቶቹን እለምን ነበር።

«ቀይ ነው ወይስ ገብስማ?» ብዬ ደግሞ እጠይቃለሁ።

በኛ አገር የዶሮ ቀለም መርጦ የሚያዝ ማን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ጠንቋይ ነው። የቤተ ክህነት ተማሪ ደግሞ ከዜማው ጋር አስማት ይማራል፣ መተት ይሠራል ተብሎ ሲታማ የኖረ ነው። ሰው የመሪጌታን ጉልበት ስሞ ይሄድና ማታ ልጁን «በመሪጌታ ጥላ አትለፍ» ይለዋል። ሴቶቹ አንገቱን ሲሰጡኝ እጃቸውን ዘርግተው ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። እኔ የሚስቁብኝ መስሎኝ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ አባቴ ግቢ የሊቀ መንበሩን ሞርሳ ግንድ ላይ አስሬ ክሩ እየተንሸራተተ ሲያስቸግረኝ አባቴ መጥተው ቆሙ።

«ክሩ ሰም የለውም እንዴ?» አሉኝ።

ከጓዳ የጧፍ ቁራጭ ይዘው መጡ። ክሩን ሰሙ ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ጎተቱት፤ ከዚያ እኔን ገፋ አድርገው ተቀመጡና ላባውን ጠመጠሙት። የተማሪዎቻቸውን የተገነጣጠለ መጽሐፍ የሚጠርዙት ራሳቸው ናቸው፤ የደብሩም ካህናት ያረጀ የጸሎት መጽሐፍ ያላቸው ሁሉ ለእሳቸው ነው የሚያመጡት። ሲጨርሱ ክሩን ወደ ውስጥ አስገብተው ጫፉ በማይታይ ቋጠሮ ይቋጥሩታል። ዝንቧንም እንደዚያው ቋጠሯት።

«መጽሐፍ መጠረዝ ነው እንጂ ይኸማ» አሉ፤ ደስም አላቸው። እናቴ ካረፈች ወዲህ እንደዚያ ፊታቸው ሲበራ አላየሁም ነበር።

ከዚያ በኋላ ዝንብ የሚሠሩት እሳቸው ሆኑ። ተማሪዎቹ ዙሪያቸውን ተቀምጠው ሲያዜሙ እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ሞርሳው ላይ ያጎነብሳሉ፤ አንዱ ተማሪ ዜማ ሲስት ዓይናቸውን ከመንጠቆው ሳያነሡ «ተመለስ» ይሉታል። ሊቀ መንበራችን ባርኔጣው ዙሪያ የአባቴን ዝንቦች በተርታ ሰክቶ ይዞር ጀመር። ዓሣውም እውነቱን ነው፣ የኛን እየናቀ የእሳቸውን ነበር የሚጎርሰው። ሊቀ መንበሩ በየሳምንቱ እየመጣ የአባቴን ጉልበት ይስማል፤ «አባባ፣ እርሰዎ ባይኖሩ ክበቡ ምን ይውጠው ነበር» ይላል። ጠላቸውን ጠጥቶ፣ ዳቧቸውን በልቶ፣ ዝንብ ጨብጦ ይሄዳል። እኔም ወንድም ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

ከደብሩ ወረድ ብሎ ጠበል አለ። ከገደሉ ሥር ይፈልቅና ወደ ወንዙ ይገባል፤ በላዩ ጠበልተኞች ልብሳቸውን የሚሰቅሉበት ወይራ አለ። ከወይራው ፊት ለፊት ወንዙ ተኝቶ ኩሬ ይሠራል፤ ትልቁ ዓሣ ያለው እዚያ ነው። የጠበል ዓሣ ነው ብሎ ማንም ስለማይነካው ነው የሰባው። ለክበቡ ፈቃድ የጠየቅንበት መሥሪያ ቤት ከቤተ ክርስቲያን ውሃ እንድንርቅ አስጠንቅቆናል፤ የአገሬው ሰውም አይወደውም። ሊቀ መንበሩ ግን ያንን ዓሣ ካየው ጀምሮ እንቅልፍ አጥቷል።

«ተው፣ እዚህ አይወረወርም» አልኩት በዚያ ቀን።

«ማን ያየናል? አንዴ ብቻ።»

አንዴ ወረወረ። ዘንጉን ወደ ኋላ ሲያወናጭፈው ዝንቧ ወይራው ላይ ተሰካች። ወጥቼ ላውርዳት ስል ጠበልተኞች እየተነጋገሩ ሲወርዱ ሰማን። ክሩን በጥርሱ በጠሰና እጄን ይዞ ጎተተኝ። «ላባ ናት፤ ወፍ የጣለው ነው ይላሉ» አለኝ። ያች ዝንብ ከአባቴ የገብስማ ሥራዎች ሁሉ የተዋበችው ነበረች።

ወፍ የጣለው ነው አላሉም። ራሷን እያመማት የምትጠመቅ አንዲት የመንደራችን ሴት ነጠላዋን ወይራው ላይ ሰቅላ ተጠመቀች። ልታወርደው ስትጎትት አንድ ነገር ያዘባት፤ በእጇ ስትዳስሰው ጣቷ ላይ ተሰካ። አውጥታ አየችው። ብረት፣ የገብስማ ላባ፣ በክር የተተበተበ፣ የቤተ ክርስቲያን ጧፍ የሚሸት፤ አሁን ደግሞ የራሷ ደም ያለበት። እሷ ላይ አልፈርድባትም፤ እኔም ብሆን እጮህ ነበር። ስትጮህ አገሩ ሁሉ ደረሰ፤ ከመሸ በኋላ በመንደሩ ውስጥ የኔን የዶሮ አንገት ልመና ያላስታወሰ ቤት አልነበረም።

አባቴ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም እንዲቀርቡ ተጠሩ። ቅዳሜውኑ ደባርቅ ሄጄ ለሊቀ መንበሩ ነገርኩት፤ መጥቶ ዝንቧ የእሱ እንደሆነች፣ እዚያ የሰቀላትም እሱ እንደሆነ እንዲናገር ለመንኩት። ልመናም አላስፈለገም። ደረቱን መታ። «አባባን? እኔ ቁሜ?» አለኝ። አቅፎ ሸኘኝ።

ደጀ ሰላሙ በካህናትና በሰበካው ሽማግሌዎች ተሞልቷል። የደብሩ አለቃ ጨርቁን ፈትተው ዝንቧን አሳዩ።

«መሪጌታ፣ ይችን ነገር ያውቋታል?»

«አወ፤ የኔ እጅ ሥራ ናት» አሉ አባቴ።

መናገር እንኳ አያስፈልጋቸውም ነበር። አንድ አሮጌ ቄስ የጸሎት መጽሐፋቸውን ከማኅደሩ አውጥተው ከዝንቧ ጎን አስቀመጡት። ያው ሰም፣ ያው ክር፣ ያው ጫፉ የማይታይ ቋጠሮ። መጽሐፉን የጠረዙላቸው አባቴ ናቸው፤ በነፃ ነው የጠረዙላቸው።

«ለምን ሠሯት?»

«ለዓሣ።»

«ዓሣ ላባ ይበላል እንዴ?»

«ዝንብ መስሎት ነው እሚጎርሰው።»

«እሽ፤ ጎርሶ ሲያዝስ? ትበሉታላችሁ?»

አባቴ ሊዋሹ ይችሉ ነበር። «አወ» ቢሉ ምናልባት ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። «የለም፤ ይለቁታል» አሉ።

አንዱ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ሳቁ። ያንን ሳቅ እስካሁን በጆሮዬ እሰማዋለሁ፤ ከስድቡ ሁሉ የከፋው እሱ ነው። ተነሥቼ ልናገር ስል «ልጅ ለአባቱ ምን ይላል» ብለው አስቀመጡኝ። አባቴ ረጋ ብለው «ያጠመደባት ሰው አለ፤ ደጅ ቁሟል፤ እሱ ይጠየቅ» አሉ።

ሊቀ መንበሩ ገባ። ባርኔጣውን አላደረገም። ዝናብ ይሁን ፀሐይ ከራሱ የማይወርደው፣ የአባቴ ዝንቦች የተሰኩበት ባርኔጣ የለም። ባዶ ራሱን ሳይ አፉን ሳይከፍት ገባኝ።

«የኛ ክበብ ሕጋዊ ነው» አለ ለአለቃው ጎንበስ ብሎ። «ከውጭ የመጣ ዝንብ ነው እምንጠቀመው። እዚህ ጠበል ደርሰንም አናውቅ። ይችን አላውቃትም።»

አባቴ አልተቆጡም። ዜማ የጠፋበትን ተማሪ በሚያዩበት ዓይን አዩት፤ ተመልሶ ያርማል ብለው ትንሽ ጠበቁት። እሱ ግን መስቀል ተሳልሞ ወጣ። እኔ «ውሸታም!» ብዬ ተከትዬው ስወጣ ሁለት ሰው ያዘኝ። ስድቤ ለአባቴ አንድም አልጠቀመ። መተተኛ አባት፣ ተሳዳቢ ልጅ፤ ለሰሚው ነገሩ ገጠመ።

ፍርድ እንኳ አልሰጡም። «እስኪጣራ ድረስ ማስተማሩን ይቆዩ» ነው ያሉት። ማን እንደሚያጣራ፣ ምን ተብሎ እንደሚጣራ የተናገረ የለም። የሚያጣራ ሰው እስካሁን አልመጣም፤ አይመጣምም። የአብነት ተማሪ ደግሞ መምህር ከሌለው አይቆይም፤ አኮፋዳውን አንግቶ ይሄዳል። አብዛኞቹ ሌላ መምህር ፍለጋ ወደ ደረስጌ ሄዱ። ጉልበት ስመው የተሰናበቱ አሉ፤ ተደብቀው በአጥሩ በኩል የወጡም አሉ። አባቴ ሁለቱንም መረቁ።

ባዶው ግቢ ሲከብዳቸው ወደኔ አመጣኋቸው። የቤቴ ጀርባ ባጃጅ መጠገኛ ነው። ንጋት ላይ እንደ ልማዳቸው ይነሡና አከራዬን እንዳይቀሰቅሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያዜማሉ። ያዜሙና መሃል ላይ ያቆማሉ። ከዚያ ላይ ተማሪ ነበር የሚቀበላቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን እንደዚያ ስለለመዱ ሳያስቡት ይጠብቃሉ። የሚቀበል የለም። ትንሽ ቆይተው ራሳቸው ይቀጥላሉ።

ክበቡን ያን ጊዜውኑ ትቻለሁ። አባላቱ በመንገድ ሲያገኙኝ «ምን እናድርግ፣ ፈቃዱ ሊቀርብን ነበር እኮ» ይሉኛል። ፈቃዱ ተሰጥቷቸዋል፤ ይድላቸው። ሊቀ መንበሩ ግን አፈረ እንዳልል አላፈረም። አንድ ቀን ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያዘኝና ምንም እንዳልተፈጠረ «ወንድሜ» አለኝ፤ «እንግዳ ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል። የአባባ ዝንብ እያለቀብኝ ነው፤ የቀረች አታጣም መቼም?»

«አንድ ቀርታለች» አልኩት።

«የት?»

«ዕቃ ቤት። አለቃውን ጠይቃቸው፤ ያውቋታል።»

ሳቀ። እኔን ነው ወይስ ራሱን እንጃ፣ ብቻ ሳቀና ትከሻዬን መታ አድርጎኝ ሄደ። ሰው እንዲህ ያለ ልብ ከየት እንደሚያመጣ አላውቅም። በድንጋይ ብለው ደስ ይለኝ ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ሲጠራ ነው ፎቶውን ያየሁት። አንድ ጓደኛዬ በስልኬ ላከልኝ፤ ክበቡ ራሱ ነው ለዓለም የለጠፈው። ሊቀ መንበሩ ባርኔጣውን አድርጎ፣ ጥርሱን ገልጦ፣ ያንን የሰባ ዓሣ በሁለት እጁ ታቅፎታል። ከሥሩ «በክበባችን አባላት እጅ በተሠራ አገር በቀል ዝንብ የተያዘ» ይላል። ሥዕሉን ሳጎላው የዓሣው ከንፈር ጥግ ላይ አንዲት የገብስማ ዝንብ ተሰክታለች። ከመንጠቆው ዓይን ሥር የክሩ ጫፍ አይታይም።

ቤት ሮጬ ገባሁ። አባቴ መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ተቀበሉኝ፤ ከፊታቸው አራቁት፣ አቀረቡት።

«ይች የኔ ናት» አሉ።

«አወ አባባ።»

«ጎረሳት?»

«ጎርሷታል፤ ይኸው እኮ።»

ብዙ አዩት። አውራ ጣታቸውን በመስታወቱ ላይ፣ በዓሣው አፍ አጠገብ አሳረፉት። «እንግዲህ ዓሣው መሰከረልኝ» አሉ፤ ከደጀ ሰላሙ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«ነገውኑ ወስጄ ለአለቃው አሳያቸዋለሁ» አልኩ። «ለዚያ ሁሉ ለሳቀ ሰው እየዞርኩ አሳየዋለሁ። ይመለሳሉ አባባ፤ ጉባኤዎን ይዘረጋሉ።»

ሳቃቸው ጠፋ። ስልኩን በእጄ አስያዙኝ።

«የለም፤ አታሳያቸው።»

«ለምን?»

«እኔ በአፌ ነግሬያቸው ነበር» አሉ። «የኔን ቃል ያላመኑ ሰዎች የዓሣ ቃል ካመኑ፣ ተመልሸ ምን ብየ አስተምራቸዋለሁ?»

ተከራከርኳቸው፤ ተቆጣሁ፤ አለቀስኩም። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ግድግዳው ዞሩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማዜም ጀመሩ። መሃል ላይ ሲደርሱ አቆሙና ጠበቁ። ቤት ውስጥ የነበርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ዜማ አላውቀውም።